ለትንሿ ስንት፣ ለትልቁ ስንት?

ቡናው እስኪቀርብ አንድ ጥያቄ ልጣልላችሁ። አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ውሾች አሉ እንበል። አንዷ 5 ኪሎ የምትመዝን፣ ከሰው እግር ሥር የማትጠፋ ትንሽ ውሻ ናት። ሌላው 40 ኪሎ የሚመዝን፣ በሩን የሚጠብቅ ጀርመን ሼፐርድ ነው። ለትንሿ በቀን 100 ግራም ያህል ደረቅ ምግብ ከበቃት ለትልቁ ስንት እንስጠው? ክብደቱ የእሷ ስምንት እጥፍ ነውና ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ «800 ግራም» ይላል። ስሌቱ ትክክል ይመስላል፤ ግን አይደለም። ይህን ያህል በየቀኑ ያለ ብዙ ሥራ የሚበላ የግቢ ውሻ ወራት ሳይቆጠሩ ወገቡ ይጠፋል፣ ደረጃ መውጣትም ይከብደዋል። ለሼፐርዱ 500 ግራም ገደማ ይበቃዋል።

ይህን ለጨዋታ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ደረቅ የውሻ ምግብ አዲስ አበባ ውስጥ በአንዳንድ ሱፐርማርኬቶች መደርደሪያ ላይ ይታያል፤ ከውጭ ስለሚገባም ዋጋው ቀላል አይደለም። አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ ውሾቻቸውን በዋናነት የሚመግቡት በእሱ ነው። ያን ያህል ገንዘብ አውጥቶ፣ በፍቅር አቅርቦ፣ መጠኑን ባለማወቅ ብቻ የሚወዱትን እንስሳ መጉዳት ያሳዝነኛል። ማወቁም ከባድ አይደለም።

የኃይል ፍላጎት ከክብደት ጋር እንዴት እንደሚሄድ በልኬት ከፈተሹት ቀደምት ሰዎች አንዱ ጀርመናዊው ማክስ ሩብነር ነው። እ.ኤ.አ. በ1883 ያሳተመው ጥናት ከ3 ኪሎ ጥቂት ከሚያልፈው ጀምሮ 31 ኪሎ ገደማ እስከሚመዝነው ድረስ ሰባት ውሾችን ያነጻጸረ ነበር። በጠቅላላው ሲታይ ትልቁ ውሻ ብዙ ያቃጥላል፤ ይህ ማንንም አያስገርምም። ውጤቱ ለእያንዳንዱ ኪሎ ሲካፈል ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ትንሹ ውሻ በኪሎ ከትልቁ ከእጥፍ በላይ ያቃጥል ነበር። ሩብነር ምክንያቱን በቆዳ ስፋት አስረዳ። ትንሽ ገላ ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ሰፊ ቆዳ አለው፤ ሙቀቱ በዚያ በኩል ቶሎ ይወጣል፤ የወጣውን ለመተካት ደግሞ ብዙ መብላት አለበት። ትውልደ ስዊዘርላንዳዊው ማክስ ክላይበር በ1932 ካሊፎርኒያ ሆኖ ከአይጥና ከእርግብ ጀምሮ እስከ በሬ ያሉትን እንስሳት ሲያነጻጽር የቆዳው ማብራሪያ ብቻውን እንደማይበቃ አየ፤ የተሻለ የሚገጥመውን ቁጥርም አገኘ። የኃይል ፍላጎት ከክብደቱ ጋር እኩል አያድግም፤ የሚያድገው በክብደቱ ሦስት አራተኛ ፓወር (ክብደት^0.75) ልክ ነው። የእንስሳት ሐኪሞች ዛሬም የሚነሱት ከዚያ ነው።

ሒሳብ ሲባል አትሽሹ፤ ስልካችሁ ላይ ያለው ካልኩሌተር ይበቃል። ውሻችሁ 20 ኪሎ ነው እንበል። 20ን በ20 አባዙ፣ የመጣውን እንደገና በ20 አባዙ፤ 8,000 ይሆናል። የስኩዌር ሩት ምልክቱን ሁለት ጊዜ አከታትላችሁ ተጫኑ፤ 9.46 ገደማ ይመጣል። እሱን በ70 ስታባዙት 662 ታገኛላችሁ። ይህ ውሻው ምንም ሳይሠራ ተኝቶ ለመተንፈስ፣ ለልቡ ምት፣ ሙቀቱን ለመጠበቅ ብቻ በቀን የሚያስፈልገው ኪሎ ካሎሪ ነው። ይነሳል፣ ይሮጣል፣ ይጮኻልና ጭማሪ ያስፈልገዋል። ለተኮላሸ አዋቂ ውሻ በ1.6 ይባዛል፤ ላልተኮላሸ በ1.8፤ ቀኑን ሙሉ ለሚተኛና ለመወፈር ለሚቸኩል በ1.2 ወይም በ1.4። የኛ ባለ 20 ኪሎ የተኮላሸ ውሻ እንግዲህ 1,060 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይፈልጋል።

አሁን ወደ ከረጢቱ እንሂድ። ጀርባው ላይ በኪሎ ስንት ኪሎ ካሎሪ እንደያዘ የሚናገር መስመር ፈልጉ። የደረቅ ምግብ ኃይል ከዓይነት ዓይነት በጣም ይለያያል፤ 3,200 የሆነም አለ፣ ከ4,000 የሚያልፍም አለ። 3,500 ከሆነ የውሻችን ድርሻ በቀን 300 ግራም ገደማ ነው። በዚሁ ልክ 5 ኪሎ የምትመዝነው 107 ግራም፣ ባለ 10 ኪሎው 180፣ ባለ 30 ኪሎው 410፣ ባለ 40 ኪሎው 510 ገደማ ይደርሳቸዋል። ትንሿ ለእያንዳንዱ ኪሎዋ 75 ኪሎ ካሎሪ ስትፈልግ ለትልቁ 45 እንኳ ሳይሞላ ይበቃዋል። ምግቡን ወደ ባለ 4,200 ከቀየራችሁት ግን 300 የነበረው ወደ 250 ይወርዳል። ከረጢት ሲቀየር መስፈሪያው እንዳለ የሚቀጥልበት ቤት ብዙ ነው፤ ውሻው «ሳይታወቅ» የሚወፍረው አንዱ በዚህ በኩል ነው።

ካሎሪው ያልተጻፈበት ከረጢትም ያጋጥማል። ያኔ ፕሮቲን፣ ስብ፣ ፋይበር፣ እርጥበትና አመድ የሚሉትን መቶኛዎች ተመልከቱ። 24 ፕሮቲን፣ 12 ስብ፣ 3 ፋይበር፣ 10 እርጥበት፣ 7 አመድ ቢሆን፣ ድምሩን ከ100 ስትቀንሱ የሚቀረው 44 ስታርች ነው ማለት ነው። ፕሮቲኑንና ስታርቹን በ3.5፣ ስቡን በ8.5 አባዝታችሁ ደምሩ። በ100 ግራም 340 ኪሎ ካሎሪ፣ በኪሎ 3,400 ይመጣል። አመዱ ካልተጻፈ 7 ብላችሁ ብትይዙ ከእውነቱ ብዙም አትርቁም።

ከረጢቱ ላይ የታተመው ሰንጠረዥስ? ይጠቅማል፤ ሲነበብ ግን ሁለት ነገር ይዘነጋል። አንደኛ፣ ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ የሙሉ ቀን ነው። ጠዋትም ማታም ያንኑ ሙሉ ቁጥር የሚሰጥ ሰው ውሻውን እጥፍ እያበላው ነው። ሁለተኛ፣ ክብደቱ ውሻው ሊኖረው የሚገባው እንጂ ዛሬ ወፍሮ የደረሰበት አይደለም። በወፈረበት ክብደት ከሰፈራችሁለት ውፍረቱን እየቀለባችሁ ነው።

መስፈሪያውን በሚመለከት ልቤ የሚያዘነብለው ወደ ሚዛን ነው። የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ውድ ዕቃ አይደለም፤ ለኔ ግን ደረቅ ምግብ ባለበት ቤት ከከረጢቱ ቀጥሎ የሚገዛው እሱ ነው። በ2019 ካናዳ ውስጥ የጉወልፍ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 100 የውሻ ባለቤቶች ደረቅ ምግብ በኩባያና በመሰል መስፈሪያ እንዲሰፍሩ አድርገው ነበር። ስህተቱ ከሚፈለገው ግማሽ ያህል ከማጉደል እስከ እጥፍ ተኩል ጨምሮ እስከ መስጠት ደረሰ። እኔን በጣም ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው፤ ሰው ክፉኛ የሚሳሳተው ትንሹን መጠን ሲሰፍር ነበር። ጣሳው የሚያታልለን ትንሹ ስህተት እንኳ በሚጎዳው ውሻ ላይ ነው ማለት ነው።

እስቲ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። 4 ኪሎ የምትመዝን ውሻ የቀን ድርሻዋ 90 ግራም ገደማ ነው። እጃችሁ 20 ግራም ቢያልፍ፣ ማለትም አንድ እፍኝ እንኳ ያልሞላ ቢጨመር፣ ከአምስት አንድ በላይ ጨመራችሁላት። ያው 20 ግራም ለ40 ኪሎው ውሻ ከመቶ አራት ብቻ ነው። ልጆች ከጠረጴዛ ላይ የሚወረውሩላትን 30 ግራም ፎርማጆ አስቡ፤ ወደ 120 ኪሎ ካሎሪ ነው፤ ለባለ 4 ኪሎዋ ከቀን ምግቧ ሲሶውን ያልፋል። እንግዳ መጥቶ አንድ፣ አያት አንድ፣ ልጅ አንድ ሲሰጣት ማንም ሰው ብዙ እንደሰጠ አይሰማውም፤ እሷ ግን ማታ ላይ የሁለት ቀን ምግብ በልታለች። ለትናንሽ ውሾች የቀኑን ድርሻ ጠዋት መዝኖ በአንድ ዕቃ ማስቀመጥ ጥሩ ዘዴ ነው። ልጆችም እንግዶችም የሚሰጧት ከዚያው ዕቃ ይሁን። ከዕቃው ውጪ የሚሰጥ ነገር ሁሉ ተደምሮ ከቀኑ ካሎሪ ከአሥር አንድ እጅ እንዳያልፍ ሐኪሞች ይመክራሉ።

ቡችሎች ደግሞ ሌላ ዓለም ናቸው። እስከ አራት ወር ድረስ በረፍት ጊዜ ከሚያስፈልጋቸው ሦስት እጥፍ፣ ከዚያ በኋላ ሁለት እጥፍ ያህል ይፈልጋሉ፤ ወደ ሙሉ ቁመታቸው ሲቃረቡ ደግሞ ይቀንሳል። በጣም ትንንሽ የሆኑት ዝርያዎች፣ ለምሳሌ የቺዋዋ ቡችላ፣ ረጅም ሰዓት ሳይበሉ ከቆዩ ስኳራቸው ወርዶ ሊንቀጠቀጡና ሊወድቁ ይችላሉ፤ ስለዚህ ድርሻቸው በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ ተከፋፍሎ ይሰጣል።

የትልልቆቹ ነገር ግን በጣም ያሳስበኛል፤ እዚያ የሚሠራው ጥፋት በፍቅር የሚሠራ ነውና። የሼፐርድ ወይም የሮትዋይለር ቡችላ ያመጣ ሰው «ቶሎ ይግዘፍልኝ» ብሎ እስኪጠግብ ያበላዋል፣ የካልሲየም ዱቄትም ይጨምርለታል። በ1974 በአሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የታተመ ጥናት ግሬት ዴን ቡችሎችን በሁለት ከፍሎ ግማሾቹን እስኪጠግቡ አበላ፤ ሌሎቹ የተሰጣቸው የእነዚያን ሁለት ሦስተኛ ነበር። እስኪጠግቡ የበሉት ፈጥነው ገዘፉ፤ አጥንታቸውና መገጣጠሚያቸው ግን ተበላሸ። በምግብ ብዛት ፈጥኖ የሚመጣ ክብደት ገና ባልጠነከረ አጥንት ላይ ይጫናል። የቡችላው የመጨረሻ ቁመት በአብዛኛው በዘሩ የተወሰነ ነው፤ ምግብ ስለበዛለት አይረዝምም፣ መድረሻው ብቻ ይፈጥናል። ለእነዚህ የሚገዛው «ለትልልቅ ዝርያ ቡችሎች» የሚለው ምግብ ነው፤ ካልሲየሙ ተመጥኖ ስለተሠራ ምንም አይጨመርበት። ሰውነታቸውም ከሲታ ሆኖ ይደግ። ትንሽ ዝርያ ዓመት ሳይሞላው አዋቂ ሲሆን ግዙፎቹ እስከ ዓመት ተኩልና ሁለት ዓመት ያድጋሉና ትዕግሥት ይጠይቃል።

አሁን ወደ ኛ ቤት ልምድ ልምጣ። በአገራችን ብዙ ውሻ የሚኖረው በትራፊ ነው፤ እንጀራ በወጥ፣ ከሥጋ ቤት የመጣ ሳንባ፣ አጥንት። ደረቅ ምግብ የሚገዙትም ብዙዎቹ ከትራፊው ጋር ይደባልቁታል። መደባለቁን አልቃወምም፤ ውሻ ከሰው ጋር ለብዙ ሺህ ዓመታት ሲኖር ስታርች መፍጨትን ተላምዷል፤ የስዊድን ተመራማሪዎች በ2013 ይህን በዘረመሉ ላይ አሳይተዋል። እንጀራ ብቻውን ጠላቱ አይደለም። ችግሩ ወጡ ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ የበሰለም ይሁን ጥሬ፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋሶች ያፈርሳል። የኛ ወጥ ደግሞ መሠረቱ ሽንኩርት ነው፤ ሽሮውም፣ ምስሩም፣ ዶሮ ወጡም። እዚህም መጠኑ ትልቅ ትርጉም አለው፤ 40 ኪሎውን የማይነካው አንድ ጭልፋ 4 ኪሎዋን ሊያሳምማት ይችላል። በሁዳዴ ቤቱ ሥጋ ስለማይኖረው ውሻውም ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት ለቀረው ጊዜ ሽሮና እንጀራ ላይ ይወድቃል፤ ፋሲካ ሲደርስ ደግሞ ስብና የተቀቀለ አጥንት በአንድ ቀን ይወርድበታል። ስቡ ቆሽቱን ያስቆጣል፤ የበሰለ አጥንት ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋል። በጾሙ ወቅት ደረቅ ምግቡ በትክክል ተመዝኖ ቢሰጠው፣ ለበዓሉም ሥጋ ከተፈለገ ቅመምና ሽንኩርት ያልነካው ጥቂት ቀይ ሥጋ ቢሆንለት እመርጣለሁ። ትራፊ በተጨመረ ቁጥር ደረቁ ምግብ መቀነስ እንዳለበትም አይረሳ። እንጀራ አብዛኛው ውሃ ስለሆነና ደረቅ ምግብ ግን የያዘው ውሃ ከመቶ አሥር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ግራምን በግራም መለዋወጥ አይቻልም። ደረቅ የሚበላ ውሻ ውሃው ምንጊዜም አጠገቡ ይሁን፤ በኪሎ ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሊትር በቀን ይጠጣል።

እስካሁን ያልኳችሁ ቁጥር ሁሉ መነሻ ነው። ክብደታቸው አንድ የሆነ ሁለት ውሾች ፍላጎታቸው በጣም ሊራራቅ ይችላል። የአውሮፓ የቤት እንስሳት ምግብ አምራቾች ማኅበር መመሪያ ለግሬት ዴን የሚያስቀምጠው ቁጥር ለኒውፋውንድላንድ ከሚሰጠው እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የሚቀረው፤ ሁለቱም ግዙፍ ዝርያዎች ናቸው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፤ በክረምት ሌሊት ውጭ የሚያድር ጥበቃ ውሻ ቤት ውስጥ ምንጣፍ ላይ ከሚያድረው የበለጠ ያቃጥላል። ስለዚህ ቁጥሩን ሰጥታችሁ ገላውን ማንበብ ነው።

ማንበቢያው እጃችሁ ነው። ጣቶቻችሁን ሳትጫኑ በጎድኑ ላይ አሳልፉ። የተዘረጋ እጃችሁን ጀርባ ስትዳስሱ የጣቶቹ አጥንት በቀጭን ቆዳ ሥር እንደሚሰማችሁ፣ የውሻው ጎድን እንደዚያ ከተሰማችሁ ጥሩ ነው። እንደ ተጨበጠ ቡጢ አጥንት ከጎረበጠ ከስቷል፤ እንደ መዳፍ ሥጋ ለስላሳ ሆኖ አጥንቱ ከጠፋ ወፍሯል። ከላይ ስታዩት ከጎድኑ በኋላ ወገብ ይኑረው፤ ከጎን ሲታይ ሆዱ ወደ ኋላ ሰብሰብ ይበል። ጸጉረ ረጅም ውሻ ዓይንን ስለሚያታልል ሁልጊዜ በእጅ ነው። በየሁለት ሳምንቱ እዩት፤ ካስፈለገ ምግቡን ከአሥር አንድ እጅ ጨምሩ ወይም ቀንሱ፣ ከዚያ ጠብቁ። ክብደቱን ለማወቅ ትንሿን ታቅፎ ሚዛን ላይ ወጥቶ የራስን ክብደት መቀነስ ነው። ትልቁን ለእህል በተሠራ ሰፊ ሚዛን ወይም ክሊኒክ ወስዶ መመዘን ይቻላል።

ዓይኑን ግን አትመኑ። ሁሌ የራበው የሚመስል ውሻ ሁሌ አልራበውም። የካምብሪጅ ተመራማሪዎች በ2016 እንዳሳዩት ከላብራዶሮች አንድ አራተኛ ያህሉ የጥጋብ ስሜትን የሚያዳክም የዘረመል ጉድለት አለባቸው፤ የእነዚህ ውሾች ልመና ማብቂያ የለውም። ያ ልመና ሲያሸንፈን ምን እንደሚከተል ደግሞ በ2002 የታተመ ሌላ ጥናት ይነግረናል። ፑሪና የተባለው የምግብ ኩባንያ 48 ላብራዶሮችን፣ ከአንድ እናት አብረው የተወለዱትን ጥንድ ጥንድ አድርጎ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ተከታተለ። ከእያንዳንዱ ጥንድ አንዱ ከወንድሙ ወይም ከእህቱ ሩብ ያነሰ ይበላ ነበር። ጥቂት የበሉት በመካከለኛ ልኬት 13 ዓመት ሲኖሩ ብዙ የበሉት 11.2 ዓመት ኖሩ፤ የመገጣጠሚያ ሕመሙም ለቀጫጮቹ ዘግይቶ መጣ። ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ዕድሜ ከአንድ ሳህን ሩብ ተገኘ። የውሻ ዕድሜ አጭር መሆኑ ለሚያስቆጨው ሰው ይህ ትልቅ ስጦታ ነው።

ለትልልቆቹ አንድ ነገር ልጨምር። የቀኑን 500 ግራም በአንድ ጊዜ አትስጡ። ደረተ ጥልቅ የሆኑ ትልልቅ ውሾች ጨጓራቸው በጋዝ ተነፍቶ የመጠምዘዝ አደጋ አለባቸው፤ በአንዴ ብዙ መብላትና መስገብገብ አደጋውን ይጨምረዋል። ለሁለት ከፍላችሁ ጠዋትና ማታ ስጡ። ሆዱ ተወጥሮ ሊያስመልሰው እየታገለ ምንም የማይወጣው ውሻ ካያችሁ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ በሰዓታት ውስጥ የሚገድል ነገር ነው።

በሌላ በኩል፣ በልኩ እየበላ የሚከሳ ውሻም አለ። እዚህ አገር መጀመሪያ የሚጠረጠረው የሆድ ትል ነው፤ መድኃኒቱ ሳይሰጥ ምግብ መጨመር ትሉን መቀለብ ይሆናል። ያረጀ ከሆነ ጥርሱ፣ ኩላሊቱ ወይም ስኳር ሊሆን ይችላል። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ የምግቡን ስምና በቀን የሚበላውን ግራም፣ በየሁለት ሳምንቱ የጻፋችሁትንም ክብደት ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ አስቀድሞ የሚጠይቃችሁ ይህንኑ ነው።